ስለ ኤፊቆሮስ የጠየቅሽኝ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ያን ዕለት በስልክ «ኤፊቆሮስ ብሉ፣ ጠጡ ያለው ሰውዬ አይደል?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መልስ ጠፍቶኝ ሳይሆን በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። ሰውዬው የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ነው፤ ስሙን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ታውቂዋለሽ። ጳውሎስ አቴና ላይ ካገኛቸው ፈላስፎች መካከል የእሱ ተከታዮች ነበሩበት፤ ሰውዬው ከሞተ ከ300 ዓመት በኋላ እንኳ ማለት ነው።

ደስታን ከሁሉ በላይ ማድረጉ እውነት ነው። ግን ደስታ ሲል ሰውነት ሳይታመም፣ ልብ ሳይሸበር መኖርን ነው። እሱ ራሱ ዳቦና ውሃ ይበቃው ነበር፤ ድግስ ሲያምረው የሚበላው ትንሽ አይብ እንዲልኩለት ወዳጁን በደብዳቤ የለመነ ሰው ነው እኮ!

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ306 ገደማ አቴና ውስጥ የአትክልት ቦታ ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር ያስተምርና ይማማር ጀመር። ሴቶችም ባሮችም ገብተውበታል። ሌኦንቲዮን የምትባለው ተማሪ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት ፈላስፎች አንዱን፣ ቴዎፍራስጦስን የሚሞግት መጽሐፍ ጻፈች፤ ኋላ የመጣው ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ በድፍረቷ ቢናደድም የግሪክኛዋን ውበት አልካደም። ሚስ የሚባለውን ባሪያውን ደግሞ ፍልስፍና አብሮት ተምሮ ነበርና በኑዛዜው ነፃ አወጣው።

ሁሉን አልቀበልለትም። አማልክት ስለ ሰው ግድ የላቸውም ይላል፤ እኔ ደግሞ እምነቴን ታውቂዋለሽ። ሞት ለኛ ምንም አይደለም የሚለውም እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አልዋጥልሽ ብሎኛል።

ግን አሟሟቱ ይገርመኛል። ድንጋይ ሽንቱን ዘግቶበት ለሁለት ሳምንት ያህል ሲሰቃይ ከርሞ በመጨረሻው ቀኑ ለወዳጁ ለኢዶሜኔዎስ ደብዳቤ ጻፈ። ሕመሙ ከዚህ የባሰ ሊሆን አይችልም፣ ግን የድሮ ጨዋታችንን ሳስታውስ ልቤ ደስ ይለዋል፣ የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ ነው የሚለው። ሜትሮዶሮስ ቀድሞት የሞተ ጓደኛው ነው። በኑዛዜውም በየወሩ በ20ኛው ቀን እንዲሰባሰቡ አዘዘ፣ ልክ እንደኛ የጽዋ ማኅበር። ተከታዮቹም ዘመናት ተሻግረው ቀኑን ያከብሩት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ፣ ቅዳሜና እሁድም ሥራ ይዘሽ ምሳሽን ቆመሽ ለብቻሽ እንደምትበዪ ስለነገርሽኝ ነው። አብሮ አደግሽ እዚያው ከተማ መግባቷን እናቷ ነግራኛለች። ስልኳን ልኬልሻለሁ፣ ዛሬውኑ ደውዪላት።