የእሑዱ የአሞራ ገደል ጉዞና የፎቶ ውድድር

ውድ አባላት፣

እሑድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል በር ላይ የምንገናኘው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። እባካችሁ አታርፍዱ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ጀልባውም፣ መረቡም፣ የአሣ አጥማጁም ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል። ረፈድ ሲል ብርሃኑ ይከርራል፣ የባርኔጣ ጥላም ዓይንን ይሸፍናል።

አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) የሚሰበሰቡት አሣ በሚበለትበት ቦታ ነው። ክንፍ ሲዘረጉ ለመያዝ ሹተሩን (የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉ፤ በ1/125 የክንፉ ጫፍ ይደበዝዛል። የአሣ አንጀት እየወረወራችሁ ግን አትጥሯቸው።

ጉሬዛ ላይ ብዙ ፎቶ ይበላሻል። ካሜራው ጥቁሩን ጸጉር አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነጩ ጸጉር ዝርዝሩን ያጣና ባዶ ወረቀት ይመስላል። በስልክ የምታነሱ ነጩን ጸጉር በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፤ በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) በ1 ደረጃ (-1) ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሳይፈቀድ የተነሳ ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ለውድድር አንቀበለውም።

ጀልባ የምትይዙ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተስማሙ፣ የሕይወት አድን ጃኬትም ለሁሉም መኖሩን እዩ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ውሃው ስለሚናወጥ በጠዋቱ ጨርሱ። ቁርስ እዚያው የአሣ ጥብስና ሾርባ አለ።

ለውድድሩ በነፍስ ወከፍ 3 ፎቶ፣ እስከ ረቡዕ ማታ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንስና ለሕትመት አይሆንም።