የኮምፒዩተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በመስከረም ወር መጨረሻ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ለዓመታት አቧራ ለብሰው የቆዩ 12 ኮምፒዩተሮችን አውጥቶ በመጠራረግ ነው። ሁለቱ ጨርሶ አልበሩም። የተቀሩት አሥሩ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። ወደ ዕቃ ቤት የገቡበትም ምክንያት ፍላሽ የሰካባቸው ሁሉ ፎልደሮቹን አጥቶ በምትካቸው የተደረደረ ሾርትከት ብቻ ስለሚያገኝና መምህራኑ ስለሸሿቸው ነበር። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች የሚገዙበት በጀት ስላልነበረ፣ በነጻ የሚገኘውንና ያን መሰሉ የፍላሽ ቫይረስ የማይሠራበትን ሊኑክስን ለመሞከር ወሰንን።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ያለቀው «የትኛው ሊኑክስ?» በሚለው ክርክር ነው። ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት ሲሆን፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ልዩ ልዩ ሶፍትዌር ተጨምሮበት ዲስትሮ በሚባል ጥቅል መልክ ነው። ዲስትሮዎቹ ብዙ ስለሆኑ ምርጫው ጀማሪን ያደናግራል። ከ11ኛ ክፍል የመጡት አብዛኞቹ አባላት ካሊ ሊኑክስ ካልተጫነ ብለው ድርቅ አሉ፤ ምክንያታቸውም በቪዲዮ ያዩት ሀከር ሁሉ እሱን ስለሚጠቀም ነው። ካሊ የኔትወርክን ደኅንነት ለሚፈትሹ ባለሙያዎች የተሰናዳ መሆኑንና አዘጋጆቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው እንደማይመክሩት ነገርኳቸው። ድምፃቸውን ቢቀንሱም የተረቱ አይመስለኝም፤ አንደኛው እስከ ሰኔ ድረስ የዴስክቶፑን ምስል የካሊ ዘንዶ አድርጎ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ የማንኛውንም ዲስትሮ ስም ከመጥራታችን በፊት፣ ኮምፒዩተሮቹ ምን እንዳላቸውና ማን ለምን ሥራ እንደሚጠቀምባቸው በወረቀት እንዲጻፍ አደረግሁ። ስምንቱ ፕሮሰሰራቸው ባለ 64 ቢት ሆኖ ራማቸው (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚይዘው ጊዜያዊ ማኅደራቸው) 2 ወይም 4 ጊጋባይት ነበር፤ ሁለቱ ግን አሮጌው 32 ቢት ብቻ ሆኑ። ኡቡንቱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ከሲናመን ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን ከሚያሳየው የገጽታ ፕሮግራም) ጋር፣ እንዲሁም ሚንትን ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር በሦስት ፍላሾች ላይ አዘጋጅተን፣ ምንም ሳንጭን ከፍላሹ ብቻ እያስነሣን ሞከርናቸው። ከፍላሽ የሚሠራ ሥርዓት ሁልጊዜ ከተጫነው ስለሚዘገይ ፍጥነቱን ሳይሆን የራሙን አጠቃቀም እንዲያነቡ አሳሰብኋቸው። ባለ 2 ጊጋባይቱ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱ ፋየርፎክስንና የጽሑፍ ፕሮግራሙን ባንድ ላይ ሲከፍቱበት ማውሱ እስኪቆም ድረስ ተጨነቀ፤ ኤክስኤፍሲኢ ግን ብዙ ውበት ባይኖረውም ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ በስምንቱ ላይ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ የሚያገኘውን ሚንት 22ን ጫንን። ሚንት ከ20ኛው እትሙ ጀምሮ ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተርን ስለተወ፣ ለሁለቱ አሮጌዎች ዴቢያን 12ን መረጥን።

በኅዳር ወር የደረሰብንን ጥፋት ሳልሸሽግ መጻፍ ይገባኛል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቁጥር 4 ኮምፒዩተር በጥቁር ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ጽፋ ቆመች። ተማሪዎቹ «ተበላሽታለች፣ እንደገና እንጫንባት» ሲሉ፣ የስብሰባው ሰዓት እያለቀ ስለነበር እኔም ፈቀድሁ። ሥርዓቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተጭኖ አለቀ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የችግኝ መዝገብ ግን አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ ቁጥር 6 ተመሳሳይ ገጽ አሳየች። በዚህ ጊዜ ከኋላ ቆማ ትመለከት የነበረች የ9ኛ ክፍል ተማሪ መስመሮቹን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ፣ «መምህር፣ ምን ማድረግ እንዳለብን እኮ ራሷ ጽፋዋለች» አለችኝ። እውነትም የመጨረሻው መስመር «ኤፍኤስሲኬ» የተባለውን የዲስክ መፈተሻ በእጃችሁ አስኪዱ ይላል፤ ከላዩም የተጎዳው የዲስክ ክፍልፍል ስም ተጽፏል። ትዕዛዙን ከነስሙ ጽፈን ለጥያቄዎቹ አዎንታ ስንሰጥ፣ መብራቱ ሲጠፋ በጅምር የቀሩት የዲስክ መዛግብት ተስተካክለው ኮምፒዩተሯ ከነፋይሎቿ ተነሣች። የቁጥር 4 መልእክትም ይኸው እንደነበር አሁን አልጠራጠርም።

የብልሽት መዝገባችን የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። የመዝገቡን አሠራር ያገኘነው ግን ከኮምፒዩተር ትምህርት አይደለም። የአንድ አባላችን አያት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ልጁ የሆነውን ሲነግራቸው፣ እነርሱ ዘንድ ሎኮሞቲቭ ሲገባ ሾፌሩ ምን እንደሰማና የት እንደሰማው ሳይጻፍ ማንም ብሎን እንደማይፈታ ገለጹለት። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ በቆረቆራት ከተማ ይህን ከባቡር ሠራተኛ መማራችን ደስ ብሎኛል። በመዝገቡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የታየው ነገር ቃል በቃል፣ ከብልሽቱ በፊት መጨረሻ የተለወጠው ነገር፣ የተሞከረው እና የተገኘው ውጤት ይጻፋሉ። ባንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መለወጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ደንቡን ስጥስ ተይዤ የሁለት ሳምንት የመጥረጊያ ተራ ደርሶኛል።

ከገጾቹ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ የመምህራን ክፍሉ ኮምፒዩተር ጉዳይ ነው። ይህ ኮምፒዩተር የዕቃ ቤቱ ሳይሆን ዊንዶውስ 10 የነበረበት ነው፤ መምህራኑ እንዲለማመዱ ብለን ዊንዶውሱን ሳናጠፋ ሚንትን ጎን ለጎን ጫንንበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይቃወስ ገባ። ብዙዎቹ ነገሩን የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ነው ብለው አለፉት። አንድ ተማሪ ግን ለሦስት ቀናት በመዝገቡ ከጻፈ በኋላ፣ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት የሚለያየው በስድስት ሰዓት ሆኖ ሳለ ይህኛው የሚሳሳተው ሁልጊዜ በሦስት መሆኑን፣ ያውም ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ሲዞሩ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስተዋለ። ሦስት ሲባል መልሱ ቀረበ፤ የአገራችን ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው ያንን መነሻ ሰዓት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያገኘውን ቁጥር እንደ አገር ቤት ሰዓት ያነበዋል። ሚንት እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ በአንድ ትዕዛዝ አስተካከልነው። ያ ተማሪ የሰዓቱን ፕሮግራም ነቅሎ ሌላ ለመጫን ቢቸኩል ኖሮ ዛሬም እየጫነ ይሆን ነበር።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገቡን በሰኔ መጨረሻ ስንገልጥ፣ አባሎቻችን ሶፍትዌሩ ይቀየር ባሉባቸው አብዛኞቹ ገጾች ላይ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ሆኖ አልተገኘም። ቁጥር 2 ለምሳሌ የይለፍ ቃል ተቀብላ መልሳ የይለፍ ቃል ትጠይቅ ነበር። ኤክስኤፍሲኢን ያልወደዱት «አላልንም?» ብለው ሲናመን እንዲጫን ጠየቁ። «ኮንትሮል»ን፣ «ኦልት»ንና «ኤፍ 2»ን ባንድነት ተጭነን በጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ስንገባ ግን ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ ዴስክቶፑ ሲከፈት መጻፍ ያለበትን ትንሽ ፋይል የሚያኖርበት ቦታ አጥቷል። የሞላው ምን እንደሆነ ሲፈተሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ውክፔዲያን የሚያስነብበው የኪዊክስ ትልቅ ፋይል በሦስት የተለያዩ ፎልደሮች ተገልብጦ ተገኘ፤ የገለበጡትም ሦስት አባላት ሲሆኑ አንዱ ከሌላው አልተጠያየቀም።

ትልቁ ሙግት የተነሣው በጥር፣ በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ዝግጅት ወቅት ነው። አንድ የአማርኛ መምህር በቤታቸው በዊንዶውስ የጻፉት ባለ አራት ገጽ ፈተና በእኛ ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ሲከፈት አምስት ገጽ ሆነ፤ የምርጫ ጥያቄዎቹም ፊደሎች ከመልሶቻቸው ተለያዩ። መምህሩ «የነጻ ዕቃ እንዲህ ነው» ብለው ቢያዝኑ አልፈርድባቸውም፤ ማባዣ ክፍሉ እየጠበቀ ነበር። ተማሪዎቹ የማይክሮሶፍትን ፋይል በተሻለ ሁኔታ ይከፍታል የሚባለውን ኦንሊኦፊስን አመጡ፤ በእሱም አምስት ገጽ ሆነ። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ስሕተት ካሳዩ ምክንያቱ ከሁለቱም ውጪ ነው ብለን ስንመረምር፣ በሊብሬኦፊስ የፎንት ሳጥን ውስጥ «ኒያላ» የሚለው ስም ዘመም ብሎ ተጽፎ አየን። ዘመም ማለቱ ፎንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ስለሌለ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። ለካሊብሪና ለታይምስ ኒው ሮማን የፊደላቸው ስፋት እኩል የሆነ ነጻ ምትክ ተሠርቶላቸዋል፤ ኒያላን የተካው ግን ስፋቱ ሌላ ስለነበረ መስመሮቹ ተገፉ።

ያን ዕለት መምህሩ ፈተናውን ከቤታቸው በፒዲኤፍ አምጥተው ታተመ። ለዘለቄታው ደግሞ «አቢሲኒካ» የተባለውን በነጻ የሚታደል ፎንት በሁሉም ኮምፒዩተሮችና ፈቃደኛ በሆኑት መምህራን ላፕቶፖች ላይ ጫንን፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ የተጻፈ ፈተና ገጹ ሲገፋ አላየንም። በፓወር ግእዝ፣ በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፉት የድሮ ፈተናዎች ግን ሌላ ጣጣ ናቸው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ የራሱን ቦታ ሳያገኝ በፊት የተጀመረው አሠራር የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደል ይሆናሉ። እነዚህን እንደገና ከመተየብ በቀር ያገኘነው መላ የለም። ለመተየቢያ የመረጥነው በአይባስ (በሊኑክስ የቋንቋ መተየቢያ ፕሮግራም) በኩል የሚሠራውንና አማርኛን በላቲን ቁልፎች የሚያስጽፈውን «ሴራ» የተባለ አጻጻፍ ነው፤ ትንሹ ኤች ሀን፣ ትልቁ ኤች ሐን ስለሚሰጥ፣ በስልክ ሲጽፉ ለሁለቱ ግድ የማይሰጣቸው ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ መለየት ጀምረዋል።

ስለሌሎቹ ፕሮግራሞች ብዙ አላትትም። ኢንተርኔት የምናገኘው ስልክ በዩኤስቢ ኬብል በማገናኘት፣ ከኪሳችን በገዛነው ጥቅል ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም በሁለት መልክ ሲገኝ ፍላትፓክ ከተባለው፣ ለየትኛውም ዲስትሮ እንዲሆን ከተሠራው መልክ ይልቅ የዲስትሮውን የራሱን ፓኬጅ መርጠናል። ፍላትፓክ አዳዲስ እትሞችን ቢያቀርብም አብሮት የሚወርደው ጓዝ ብዙ ነው። የዲስትሮውን ፓኬጆች ግን አንድ ጊዜ አውርደን በፍላሽ ለስምንቱም ኮምፒዩተሮች አድርሰናል።

በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ ቁጥር 7 በራሷ መጥፋት ጀመረች። የሙቀቱን መጠን የሚያነብ ፕሮግራም ጭነን ስንከታተል፣ ከመጥፋቷ በፊት ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚወጣ አየን። ከፍተን የማራገቢያውን አቧራ በብሩሽ አወጣን፤ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ባመጣነውም ቅባት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ እንደገና አጣበቅን። ሙቀቱ ወደ 70 ወረደ። ሆኖም በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ሙቀቱ ሳይጨምር እንደገና ሁለት ጊዜ ጠፋች፤ ኤሌክትሪክ የሚያድላትን ፓወር ሰፕላይ ከቁጥር 3 ጋር ለዋውጠን ለማየት ተስማምተን ሳለ ትምህርት ተዘጋ። ለሚቀጥለው ዓመት አባላት የማስረክበው መዝገብ በቁጥር 7 ገጽ ላይ ተከፍቶ ይገኛል፤ የ«ውጤት» ዓምዱ ባዶ ነው። እንዲሁም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የወሰነው የድጋፍ ማብቂያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የመምህራን ክፍሉና የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ዝርዝር እስከ መስከረም አጋማሽ እንዲደርሰን የሚመለከታቸውን በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።