አቀበቱ ሳይጀምር ሦስተኛ አስገባ

ለውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አራት ዓመት ሙሉ አልደወልኩልህም። አባትህ ጋሼ ማረፋቸውን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ወር ሞላ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ሰሞኑን እህትህ አሮጌ የቮልስ ኮምቢ እንደገዛህ ነገረችኝ፤ ሞተሩ 1600 ሲሲ ነው አለች። እናትህን ይዘህ ደሴ ልትሄድበት ነው አሉ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ገባኝ። እኔም እዚህ ዴንቨር በፈረንጅ 1969 የተሠራች ኮምቢ አለችኝ። አንድ ሞተር አቃጥዬባታለሁ።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከ1,600 ሜትር ተነሥቶ አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ 3,400 ሜትር ነው። መኪናዋን በገዛሁ በመጀመሪያው ሐምሌ ቤተሰቤን ጭኜ ያንን አቀበት ጀመርኩት። አራተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬዋለሁ፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት ከ70 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወረደ። ሦስተኛ ሳስገባ በጣም ጮኸች። አሳዘነችኝና መልሼ አራተኛ አደረግኳት። ድምጿ ዝቅ ሲል አረፈች ብዬ ደስ አለኝ። ጆርጅታውን የምትባለውን ከተማ አልፈን ብዙም ሳንሄድ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጉልበቷ ጠፋ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ሞተሩን የፈታው ሽማግሌ መካኒክ የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ክቡ ጠርዝ በአንድ በኩል ተበልቷል። አይጥ የቀመሰችው ቂጣ ነው የሚመስለው። "አራተኛ ላይ ነበርክ፣ አይደል?" አለኝ። ስነዳ አላየኝም እኮ!

የኛ ሞተር ውሃም ራዲያተርም የለውም። የሚያቀዘቅዘው ነፋስና ዘይት ነው። ነፋሱን የሚነፋው ቬንትሌተር ደግሞ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶው፣ ተይዞ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር እሱ ወደ ሁለቴ ይጠጋል። የዘይት ፓምፑም የሚዞረው በሞተሩ ነው። አሁን አስበው። የኔዋ በአራተኛ 60 ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,100 ዙር ያህል ነው። አቀበት ላይ ነዳጁን ሙሉ ረግጠህላታል፣ እሳቱ ሙሉ ነው፤ ነፋሱ ግን ትንሽ ነው። በዚያው ፍጥነት ሦስተኛ ብታስገባ 3,300 ዙር ትደርሳለች። ነፋሱም ዘይቱም አንድ ተኩል እጥፍ ይሆንላታል። የዚህ ሞተር ሙሉ ጉልበት፣ 47 የፈረስ ጉልበት፣ የሚገኘው 4,000 ዙር ላይ ነው። ስለዚህ 3,300 ላይ ብትጮህ አትደንግጥ። ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን ቀድሞ ተቃጠለ ካልከኝ፣ በዚያ ዘመን ሞተር የዘይቱ ማቀዝቀዣ የእሱን ነፋስ መንገድ ይዞበት ስለሚቆም ነው።

ያን ቀን ጋሼ ትዝ አሉኝ። በነጯ ቮልስ እንጦጦ ሲወስዱን ሽሮ ሜዳን አልፈው፣ አቀበቱ ገና ሳይጀምር ፍሪሲዮን ረግጠው ሁለተኛ ያስገቡ ነበር። አንተ "አባዬ፣ ልትፈነዳ ነው!" ብለህ ጆሮህን ትይዛለህ። እሳቸው ደግሞ መሪውን እንደያዙ "ተዋት ትጩህ፣ እየተነፈሰች ነው" ይላሉ። የምራቸውን ነበር። እኔ የገባኝ ቫልቩን መዳፌ ላይ ሳይ ነው።

እንደሳቸው አድርግ። ፍጥነቱ እስኪሞት አትጠብቅ፤ አቀበቱን ከፊትህ ስታየው ቀንስ። ነዳጅ ጨምረህላት እሷ ካልጨመረች ማርሹ ከብዷታል ማለት ነው። በሦስተኛ ከ40 በታች ከወረድክ ሁለተኛ አስገባ። ከኋላህ ያለው አይሱዙ ክላክስ ቢያደርግ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጉልበቷ ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይሄዳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ስትደርስ ሲሶው የለም ብለህ ቁጠር። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙም ይዳከማል።

ስትሄድ ጣርማ በርን ትወርደዋለህ። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታቃጥለው። ከኮምቦልቻ በኋላ ሐረጎ አለ፤ እዚያ ሁለተኛ ማርሽህን አትሰስት። ከባዱ መልሱ ነው፤ ያኔ ጣርማ በርን ከታች ትወጣዋለህ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሙቀቷን ታውቀዋለህ። እዚያ እደርና ማለዳ በብርዱ ተነሥ። ትርፍ ቺንጋና ዘይት ያዝ። ዳሽቦርዱ ላይ የቻርጁ ቀይ መብራት ቦግ ካለ ወዲያው ቁም፤ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል። ቺንጋ ከሌለ ነፋስ የለም፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን እንዳትሄድባት።

ጣርማ በር ጫፍ ላይ ስትወጣ እናትህን አሳርፋቸውና ደውልልኝ። አንተ ጋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እጠብቃለሁ።

አብሮ አደግህ