ጅማ ላላችሁ ወዳጆቼ፣ አላህ ይስጥልኝ

አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ዓመት አለፈኝ። ምስጋናዬ የዘገየው አፍሬ ነው። ዛሬ በግልጽ ልናገር። የፊንጢጣ ካንሰር ነበረብኝ። አሁን የምጸዳዳው በሆዴ በግራ በኩል በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ሰገራው እላዬ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። ኮሎስቶሚ ይሉታል። የኔ የማይዘጋው ዓይነት ነው።

ደም እያየሁ "ኪንታሮት ነው" ተብዬ ለወራት ቅባት ስቀባ ከረምኩ። እባካችሁ፣ ደም ካያችሁ በደንብ ተመርመሩ። በኋላ ናሙና ተወስዶ ታወቀ። ዶክተሩ እጢው መዝጊያው ጡንቻ ድረስ ስለወረደ አንጀቱን መልሶ መቀጠል እንደማይቻል ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ዶክተር፣ እውነቱን ስላልደበቅከኝ አመሰግንሃለሁ።

ሲስተር፣ አንቺ ስታጸጂኝ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። አንድ ቀን "ጋሼ፣ የከንፈርዎ ውስጥ ቀይ አይደል? ይሄም የወጣው የአንጀትዎ ጫፍ እንደሱ ነው። ቢነኩት አያምም" አልሽኝ። ነካሁት። እውነትም አላመመኝም። አለቀስኩ። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ እንዳፈስ፣ ቆዳዬን በንጹሕ ውኃ አጥቤ እንዳደርቅ፣ የከረጢቱን አፍ በልክ እንድቆርጥ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ልብስ ሰፊ ነኝና መቀሱ እጄ ሲገባ ትንሽ ነፍሴ መለስ አለች።

ቤት ስገባ ግን ባሰብኝ። ሶላት አቆምኩ። በዚህ ሁኔታ እንዴት ጌታዬ ፊት እቆማለሁ አልኩ። የሰፈራችን ሼህ ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ሳትፈልገው የሚወጣ ነገር ዑዝር ነው፤ በሃይማኖታችን ይቅር የሚባል ችግር ነው። ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርግና ስገድ" አሉኝ። ያን ቀን ዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት፣ አብረውኝ ሰገዱ። ሼሄ፣ ይህን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ?

የጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊዎች፣ የደንበኞቼን ሥራ ሰፍታችሁ ገንዘቡን ለቤቴ ሰጣችሁ። ከረጢቱ እዚህ እንደልብ አይገኝም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከአዲስ አበባ ይዛችሁልኝ የመጣችሁ ሹፌሮች፣ አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። እትዬ ጎረቤቴ፣ ይሸታል ብዬ ቡና ልጠጣ ቤትሽ መምጣት ብተው ረከቦትሽን ተሸክመሽ እኔ ቤት አፈላሽ። ሦስቱንም አጠጣሽኝ።

የልጆቼ እናት፣ ሌሊት ከረጢቱ ሲለቅ አንሶላ ትቀይሪና ተመልሰሽ ከጎኔ ትተኛለሽ። አንድ ቀን እንኳ ፊትሽ አልተለወጠም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

አሁን የሱሪዬን ወገብ ከፍ አድርጌ እሰፋለሁ፤ ቀበቶው እንዳይጫነኝ። ለከረጢቱም የጥጥ ልብስ ሰፍቼለታለሁ። እንደኔ የሆነ፣ ወይም ይደረግልሃል ተብሎ የፈራ ሰው ካለ፣ ሲስተር ሱቄን ታውቀዋለች፤ ትላክልኝ። በነጻ እሰፋለታለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሁሌም አለሁ።