የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ደብተር የያዘው የባትሪ ቅያሪ

መስከረም ላይ የኮምፒዩተር ክፍላችንን ስንከፍት ከ14ቱ ዴስክቶፖች 5ቱ ገና ሲነሱ ቀጥ አሉ። ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫኑ ይላሉ። ተጭነን ስንገባ ቀኑ ሌላ ነው። "ቲቸር፣ ይሄኛው ፈረንጅ 2009 ላይ ነው ያለው!" አለ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። የዓመቱ ሥራችን የተጀመረው ከዚያ ነው።

ማዘርቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት በሌለበት ሰዓቱንና የባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ሴቲንጉን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። የጅማ ክረምት ደግሞ ይታወቃል። መብረቅ ስለምንፈራ ትምህርት ሲዘጋ ሁሉንም ከሶኬት እንነቅላለን። ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ ባትሪዋ ታርፋለች። ሲነቀል ሸክሙ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ያረጁት ባትሪዎች ክረምቱን አልቻሉትም።

መርካቶ ወርደን አዲስ ገዛን። አራቱ ወዲያው ተስተካከሉ። አምስተኛው ግን ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ደጋግሞ ይጠፋል። ባትሪዋ ስታልቅ ሴቲንጉ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ተመልሶ፣ ሃርድ ዲስኩ የሚሠራበት ሞድ ከኤኤችሲአይ (አዲሱ አሠራር) ወደ አይዲኢ (አሮጌው) ተቀይሮ ነበር። ይህን ለማግኘት ሁለት ማክሰኞ ፈጀብን። ቀድሞ ምን ላይ እንደነበረ የትም አልተጻፈም። መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የቀሩትን 9ኙን ሳያልቁ ለመቀየር ወሰንን። ሂርማታ ሰፈር ካለ ሬዲዮ ሠሪ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተዋስን። አዲሷ ባትሪ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ስትል፣ ከነባሮቹ አንዷ 2.7 ላይ ወርዳለች። ልጆቹ ቁጥሩን ሲያዩ ዝም አሉ።

ባትሪ ከመንካታችን በፊት ባዮስ ውስጥ ገብተን እያንዳንዱን ገጽ በሞባይል ፎቶ አነሳን። ዋና ዋናውን ደብተር ላይ ገለበጥን፦ የቡት ቅደም ተከተል (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ እንደሚያስቀድም)፣ የሃርድ ዲስክ ሞድ፣ ፓስወርድ መኖር አለመኖሩን። ከዚያ አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ መጫን፤ የካሳውን (የኮምፒዩተሩን ሳጥን) ብረት መንካት። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍር ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች።

ሶኬቱን ሳትነቅል ከቀየርክ ሴቲንጉ አይጠፋም የሚሉ አሉ። በብዙ ዴስክቶፖች እውነት ነው። ግን ማዘርቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ አንዲት ብሎን ከእጅ ብትወድቅ ልታቃጥለው ትችላለች። በዚያ ላይ የከተማችን መብራት መቼ ድርግም እንደሚል አይታወቅም። ልጆች ባሉበት ይህን አልፈቅድም። በደብተሩ መንገድ መልሶ ማስተካከሉ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከኮምፒዩተሮቹ ሁለቱማ አዲስ ስለሆኑ ሴቲንጋቸውን ፍላሽ ቺፕ ላይ ነው የሚይዙት፤ የጠፋባቸው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ደስ ያለኝን አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 12 ቀን አንዲት ተማሪ ባትሪውን በራሷ ቀይራ ቀኑን ሞላች፦ 12፣ 2፣ 2017። ሰዓቱን 9፡30። ዊንዶውስ በደንብ ተነሳ፤ ኢንተርኔቱ ግን የምትከፍተውን ገጽ ሁሉ እምቢ አላት። ኬብል ነቀለች፣ ሰካች። በመጨረሻ ሰዓቱ ላይ አፍጥጣ ቆየችና "ቲቸር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት!" አለች። ለኮምፒዩተሩ ያ ቀን ከ7 ዓመት ከ8 ወር በፊት ነው። የድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፍኬት ገና ስላልተሰጠ አላመናቸውም። ሰዓቱም 15፡30 መሆን ነበረበት። ማንም ሳይነግራት ነው ያገኘችው።

የታይፒንግ ስልጠናውና የወላጆች ቀን ዝግጅቱ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል።

ሰኔ ላይ ሁሉንም ነቅለናል። እያንዳንዱ ካሳ ውስጥ ባትሪው የተቀየረበት ቀን ተለጥፏል። ደብተሩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያቺው ተማሪ በትልልቁ "ቀንና ሰዓት በፈረንጅ!" ብላ ጽፋበታለች።