ንግግር አርቃቂ መኖሩ ነውር አይደለም

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ አራት ኪሎ ላይ ምክር ቤቱ በፕሬዚዳንቱ ንግግር ሲከፈት አንድ ሐሜት አብሮ ይነሳል፦ «ይህን እኮ የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው!» ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ የሚከፍተው ፕሬዚዳንቱ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከፍተኛውን የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን አንቀጽ 72 ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጥቷል። የሚነበበው የመንግሥት ዕቅድ ከሆነ ብዙ እጅ ቢገባበት ምን ይገርማል? የእንግሊዝ ንጉሥም ፓርላማውን ሲከፍቱ የሚያነቡት ሚኒስትሮች ያዘጋጁትን ነው።

የጸሐፌ ትዕዛዝን፣ ማለትም የንጉሥን ቃልና ደብዳቤ የሚጽፈውን ሹም ማዕረግ ለሚያውቅ አገር ደግሞ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ በአማርኛ ያሰሙትን ንግግር በማርቀቅ ዲፕሎማቱ ሎሬንዞ ታዕዛዝ እንደረዷቸው ይነገራል። ያም ሆኖ በፉጨት ሊያስተጓጉሏቸው በሞከሩት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፊት የቆሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ቃሉም የእሳቸው ነው።

በሥራው ላይ ያለን ሰዎች የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ተናጋሪው ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያየው መድረክ ላይ ሲሆን። አርቃቂው ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ ከተናጋሪው ጋር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ «አድማጩ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ምን ይሁን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ሲቀር ረቂቁ ከየዳይሬክቶሬቱ የሪፖርት ቅንጥብጣቢ ይሰፋል። ከዚያ አማካሪው አንድ አንቀጽ ይጨምራል፣ ሕዝብ ግንኙነቱ ሌላ ይጨምራል፤ የሚቀንስ ግን የለም። አማርኛ በእርጋታ ሲነበብ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ቃል ቢሄድ ነው። ለ10 ደቂቃ የታሰበ ንግግር 1,500 ቃል ሆኖ ሲመጣ ተናጋሪው ይሮጣል፣ አዳራሹ ያንቀላፋል።

ሁለተኛው ችግር ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ረቂቅ ወዲያው ያስታውቃል። በእኛ ቋንቋ ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «የተያዘውን ዕቅድ ለማሳካት የሚያስችለውን አሠራር ለመዘርጋት የተጀመረውን…» እየተባለ ሲሄድ አድማጩ ማሰሪያው እስኪደርስ መነሻውን ይረሳል፣ ተናጋሪውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ከ15 ቃል ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት መቁረጥ ነው። መስቀል አደባባይን በመሰለ ሜዳ ላይ ከ10ም ባይበልጥ ይሻላል፤ ከየድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ እየተቀዳደመ ስለሚደርስ ረጅሙ ይደበላለቃል።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አለማሳየቱም ወጥመድ ነው። «መንግሥት ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ መንግሥት ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን መንግሥት ይደመጣል ይሆናል። መልእክቱ ተገለበጠ! ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ይደረግ። 1,250,000 የሚለው አኃዝ «አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ» ተብሎ በፊደል ይጻፍ። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ይለይ።

ወረቀቱም ራሱ ዘዴ አለው። የፊደሉ መጠን በኮምፒዩተር ከ16 እስከ 18፣ መስመሩ ሰፋ ያለ፣ የገጹ የታችኛው ሲሶ ባዶ፤ ዓይን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ፊት ከሕዝቡ ይሸሻልና። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፤ ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፣ በስቴፕለር ግን አይመቱ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቸርችል ንግግራቸውን ራሳቸው እየተናገሩ ያስጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲታተም ግን ልክ እንደ መዝሙረ ዳዊት በአጫጭር መስመር ተሰብሮ ነበር የሚቀርብላቸው። የክቡራን እንግዶች ስም ዝርዝር ደግሞ ለብቻው በአንድ ወረቀት ይሁን፤ ያልመጣ እንግዳ እንዳይጠራ ከመድረክ በፊት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይታረማል።

በመጨረሻም ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለን። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዋሽንግተን ላይ ስለ ሕልማቸው የተናገሩት ከተዘጋጀው ጽሑፍ ወጥተው ነው። የእኛም ሹማምንት አንዳንዴ ሦስት አንቀጽ ዘለው በራሳቸው ቃል ይናገራሉ፤ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የምናነበው ግን አስቀድሞ የታደለውን ረቂቅ ነው። እባካችሁ ከማተማችሁ በፊት ከድምፅ ቅጂው ጋር አመሳክሩት።

ንግግር በማርቀቅ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ