ጅብ ጠርቶ ለመቁጠር ነጭ ባትሪ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ጅብን በድምፅ ማጉያ ጠርቶ ለማየት ወይም ለመቁጠር የሚወጣ ሰው ባትሪ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሉመን ነው?» ብሎ ነው። ሉመን ከባትሪው የሚወጣውን ብርሃን በጠቅላላ ይለካል እንጂ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም፤ እግር ሥር የሚፈሰውም ሉመን ነው። መታየት ያለበት ካንዴላው፣ ማለትም ጨረሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ የሚሄድበት ጥንካሬ ነው። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በሁለት ብታበዙት ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ርቀት ይመጣል፤ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ማለት ነው። በዚያ ርቀት የሚደርሰው ግን 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ ነው። ውሻን ከጅብ ለመለየት በግማሹ ርቀት ላይ ተማመኑ፤ እዚያ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል።

ቀለሙ ቀይ ይሁን። ጅብ ቀይን የሚያየው ደብዝዞ ነው፤ ጨርሶ አያየውም ማለት ግን አይደለም። ነጭ ባትሪ ላይ ቀይ ላስቲክ ማሰር ገንዘብ ይቆጥባል፣ ብርሃኑን ግን ይገድለዋል። ነጭ ኤልኢዲ ከሥሩ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቅብ ነው። ቀይ በውስጡ ትንሽ ስለሆነ ላስቲኩ ሌላውን ሲያግደው የሚቀረው እንደሚከስም ፍም ነው። ከመነሻው ቀይ የሆነ፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 620 ናኖሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ ኤልኢዲ ፈልጉ።

ድንጋዩ ላይ ደግሞ ብዙ ማታለል አለ። 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ በዚህ መጠን የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,600 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። «9,900» የሚል ካያችሁ መልሱት። የወርቅ ሚዛን ካገኛችሁ መዝኑት፦ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀላል። የደሴ ብርድ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ትርፉን ኪስ ውስጥ አሙቃችሁ ያዙ።

አጠቃቀሙ ላይ የሚበላሸው ይበልጣል። ድምፁን ከፍቶ በጨለማ መጠበቅና ኮሽታ ሲሰማ ቦግ ማድረግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። እንስሳውን የሚያስደነግጠው ድንገት የሚበራው ነገር ነው፤ ስለዚህ ቀዩን ድምፁ ከመከፈቱ በፊት አብሩት፣ ሳታጠፉም በዝግታ አዙሩት። ሁለት ዓይን ሲያበራ የጨረሩን መሃል አታሳርፉበት፤ ባትሪውን ትንሽ ወደ ላይ አንሱና የታችኛው ደብዛዛ ጠርዝ ብቻ ይንካው። ጅብ ሽታ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ዞሮ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ስለሚመጣ፣ ያንን አቅጣጫ ደጋግማችሁ ቃኙ። ነጩ መጨረሻ ላይ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ደግሞ ግንባር ላይ የሚታሰረውን አውልቁ፤ የጉሙ ጠብታ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ስለሚረጨው ከፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ባትሪውን ከወገባችሁ በታች፣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ያዙት።

ዓይን ስላበራ ብቻ ጅብ ብላችሁ አትቁጠሩ። የውሻ፣ የበግ፣ የአህያም ዓይን ያበራል፤ ቀለሙም እንደ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ መለያ አይሆንም። ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለውን ጀርባ ሳታዩ ምልክት አታድርጉ። ደግሞም መቁጠር እንጂ መግደል አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የማያበራው ዓይን ነው። የሰው ዓይን በሌሊት እንደ ከብት ዓይን መልሶ አያበራም። ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ ባለው አገር ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ዳሱ ውስጥ ተኝቶ ቢሆን፣ በባትሪ ማሳውን አሥር ጊዜ ብትቃኙት ባዶ ይመስላችኋል፤ የጠራችሁት መንጋ ግን የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። ቦታውን በቀን ዞራችሁ እዩት፣ ማን የት እንደሚያድር የመንደሩን ሰው ጠይቁ፣ ድምፁን የምትከፍቱበትንም ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ